እጅ ሲነሳ የሚያስል ሞተር

ሰኞ

ዛሬም አሳለ! መቶ አለቃ ደምሴ ከገዢው ግቢ በላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደፍቶ እጅ ሲነሳ፣ ሞተሩ ትን አለውና ጸጥ። የጀጎል ሰው ሁሉ ከስሩ ሸሸ። ሞተሩ ወዲያው ነፍስ ዘራ እንጂ ዛሬ ሬሳ ለቃሚ ነበርን። ሌላ ጊዜ ደህና ይበራል፤ የሚያስለው እጅ ሲነሳ ብቻ ነው። መተት ነው የሚሉ አሉ። እኔ የቤንዚኑ መጋዘን ጠባቂ ነኝና ነገሩ ወደኔ እንደሚዞር ይታወቀኛል።

ማክሰኞ

አልቀረም። ደምሴ "ቤንዚኑ ውሃ አለበት" ብሎ ለዳኛው ተናግሯል። ቤንዚኑን ከድሬዳዋ የሚያስመጡልን ሐጂ ኢድሪስ ጠዋት ከኤረር በር ሱቃቸው ተወስደው ታሰሩ።

በጠርሙስ ቀድቼ አስቀመጥኩት፤ ከስር ውሃ አልዘቀጠም። በለስላሳ ቆዳ አጠለልኩት፤ ምንም ውሃ አልቀረበትም። መዳፌን ቀባሁት፤ በኖ ጠፋ፤ እንደ ላምባ ቅባት አልተወም። ንጹህ ነው። ግን ማን ያውቃል? የምጠረጥራቸው፦

ሐጂ። ነጋዴ ናቸው።
ግመል ነጂዎቹ። መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ማን ያያል።
ዘበኛዬ። ሰሞኑን ሰላምታ አብዝቷል።
ደምሴ ራሱ። ጠጅ ይወዳል።

ማታ የሐጂ ልጅ ፋጡማ መጣች። "ጋሼ ገረመው፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ላባቴ ዋስ ይሁኑልን። የጠየቅነው ሁሉ ሸሸን።" አስቤበት እነግርሻለሁ አልኳት። ምኑን አስባለሁ፤ ፈርቼ ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ደምሴ እኔን በጎሪጥ ያየኝ ጀመር። "የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ባንተ እጅ አይደል?" አለኝ። ደሜ ፈላ። ቤንዚኑን ሦስት ዓይነት እንደፈተንኩት፣ ጠጅ ግን እንዳልፈተንኩ ነገርኩት። "በቤንዚንህ ከተማመንክ ነገ አብረኸኝ ውጣ" አለ። እወጣለሁ አልኩ፣ እልህ ይዞኝ። ሚስቴ "አብደሃል" አለችኝ። ሳላብድ አልቀርም።

ሐሙስ

ወጣሁ። እመቤቴ ማርያም አወረደችኝ።

ሰው ላይ እንዳንወድቅ ብለን ከሐኪም ተራራ ጀርባ ሄድን። ደምሴ እንደ ልማዱ በኃይል ደፋው። ቂጤ ከመቀመጫው ተነሳ! ቀበቶው ባይዘኝ ሰማይ ላይ ቀርቼ ነበር። ከእግሬ ስር የነበረው አቧራ ወደ ፊቴ ወጣ፤ የተረሳ መፍቻ ተነስቶ አገጬን ነረተኝ። ሞተሩ ልክ ያኔ አሳለ። አውሮፕላኑ ሲቃና መፍቻውም እኔም ወደ ቦታችን ተመለስን፤ ሞተሩም ተመለሰ። ደገመው፤ ደግሞ አሳለ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ሲያጎነብስ ግን ምንም።

ወርጄ ካስመለሰኝ በኋላ ነው የበራልኝ። እኔ ከተነሳሁ፣ መፍቻው ከተነሳ፣ ቤንዚኑን ማን ያስቀምጠዋል? ለደምሴ ነገርኩት። ካርቡራተሩን ፈታ። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚጠራቀምባት ትንሽ ሳህን አለች፤ ሞተሩ የሚጠባው ከስሯ ነው። በድንገት ሲደፋ ቤንዚኑ ወደ ክዳኗ ይዘላል፣ ሞተሩም አየር ይጠባል።

"አዎ... ስንማር ነግረውን ነበር" አለ ደምሴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነግረውት ነበር! ታዲያ ሽማግሌው ምን አድርገው ታሰሩ? ደምሴ ካርቡራተሩን መልሶ መግጠም ጀመረ። ጥፋቱን ገዢው ፊት ከማመን ሐጂ ቢታሰሩ ሳይሻለው አልቀረም።

ዓርብ

ችሎት ቀርቤ ነገሩን አስረዳሁ። ዳኛው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ "እንግዲያ ጥፋቱ ለጌታ እጅ መንሳቱ ነው በለኛ!" አሉ። ወደ ደምሴ ዞርኩ፤ መሬት መሬት ያያል። ወይ ጀግና!

ዳኛው ፈረዱ። ደምሴ እሑድ በዚያው በሐጂ ቤንዚን ይብረር፤ ሕዝብ ፊት እጅ ይንሳ። ካላሳለ ሐጂ ነጻ ናቸው። እስከዚያ ዋስ ካላቸው ይፈቱ፤ ካሳለ ግን ዋሱም አብሮ ይታሰራል።

"ዋስ ማነው?" አሉ ዳኛው። የፋጡማ ዓይን እኔ ላይ ነበር።

"እኔ" አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

"ሱብሃነላህ፣ ገረመው፣ አንተ?" አሉ ሐጂ። ከእስሩ እግራቸው አብጧል። እንደዚያ ሳያቸው አፈርኩ።

ቅዳሜ

ደምሴ "ቀስ ብዬ አጎነብሳለሁ፣ እናቴ ትሙት" ብሎ ማለልኝ። አላመንኩትም። ሰው ሲያይ ልቡ የሚያብጥ ልጅ ነው፤ እልልታ ከሰማ አውሮፕላኑን በአፍንጫው ይተክለዋል። ቤንዚኑን ራሴ ሞላሁ። ዘበኛውን አባርሬ መጋዘኑ በር ላይ ተኛሁ።

እሑድ

ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ሐጂ ከጎኔ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እኔም በበኩሌ ማርያምን ይዣለሁ። የደምሴ አውሮፕላን መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እንዳትደፋው፣ አንተ ልጅ፣ እንዳትደፋው!

ቀስ ብሎ፣ አንገቱን እንዳመመው ሰው፣ ትንሽ ጎንበስ አለና ቀና አለ። ሞተሩ አላቋረጠም። ከኋላዬ አንዱ "ምነው ዛሬስ ኮራሳ!" ብሎ አጉረመረመ። ዳኛው ለሐጂ በእጃቸው ሂድ የሚል ምልክት ሰጡ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

ያኔ ነው የሐጂን ክንድ ጨምድጄ እንደያዝኩ ያወቅሁት። ሐጂ ክንዳቸውን እያሹ "እውነቱን ንገረኝ፣ ዛሬ ክንዴን ስትጨመድድ የጠረጠርከው ማንን ነው?" አሉኝ።

"ደምሴን" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ። ዛሬስ የመጠርጠር ተራው የሱ ሆነ።" ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀስ እያልን ወደ ኤረር በር ሸኘኋቸው።