በደጄ ፖስታ ሳጥን ስለተላከው ይግባኝ

ለተከበሩ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ጤናዎም እንደ መዝገብ ቤትዎ መስኮት መዝጊያ ሰዓት ዝንፍ የማይል ይሁን። እኔ አርማን ቲቦዶ፣ በዚሁ በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ግራናይት ስጠርብ ኖሬ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባዬን ስለጨረሰው፣ ዕድሜ ልኬን ከደመወዜ መዋጮ ሲቆረጥለት የኖረውን የአካል ጉዳት አበል ጠይቄ የተከለከልኩ፣ ያለ ጠበቃም ለፍርድ ቤትዎ ይግባኝ ያልኩ ሰው ነኝ። ይግባኙ ዘግይቶ ደረሰ ተብሎ መዝገቡ ተዘግቷል። አልተቆጣሁም፤ መቆጣት ትንፋሽ ይፈጃል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አበሉን የከለከለኝ መሥሪያ ቤት ሲኒማ ቤት ተቀምጬ ቲኬት መቁረጥ እንደምችል ስለመሰከረልኝ አመሰግናለሁ። የከተማችን ሲኒማ ቤት የጎማ መጋዘን ከሆነ ሰንብቷል፤ ይህ ግን የእርስዎ ጥፋት ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

፪. ለይግባኙ ስድሳ ቀን ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ብሆንም ደንባችሁን ከቤተ መጻሕፍት አስመጥቼ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሬን ከጎኔ አድርጌ ራሴ አነበብኩት፤ አቤቱታውንም ራሴ ጻፍኩት። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በደጄ ካለው ፖስታ ሳጥን ከትቼ፣ የሚወሰድ ደብዳቤ መኖሩን የሚያሳየውን የሳጥኑን ቀይ ባንዲራ አቆምኩ። በእኛ መንገድ ባንዲራው ቆሞ ፖስተኛዋ ከወሰደችው ነገሩ አለቀ፤ ግብራችንንም ስንከፍል የኖርነው እንዲሁ ነው። ፖስተኛችን ዶሪንም የመኪናዋን መስታወት ዝቅ አድርጋ፣ «በል ሽማግሌው፣ ከእንግዲህ መንግሥት እጅ ገባ። አንተም ግባና ሙቅ፤ እዚህ ደርቀህ ብትቀር እኔ አልጎትትህም» አለችኝ። የእርስዎ መዝገብ ቤት ግን የሚቆጥረው ወረቀቱ መስኮቱ ላይ የደረሰበትን ቀን ነው፤ ሁለት ቀን ዘገየ። ደንቡ ይህን ይላል፣ አንብቤዋለሁም። ፖስታ ቤቱንም መንግሥት አድርጌ መቁጠሬ የራሴ ድፍረት ነው።

፫. ጠበቆች እስከ እኩለ ሌሊት በኮምፒውተር ሲያስገቡ፣ ጠበቃ የሌለን ግን መስኮቱ ሳይዘጋ ወረቀት ይዘን እንድንደርስ መደረጉ፣ በሽተኛ በጊዜ መተኛት እንዳለበት ታስቦ ስለሆነ አመሰግናለሁ።

፬. መስኮትዎ ድረስ መጥቼ ምን ላድርግ ብዬ የጠየቅኋት ሠራተኛዎ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድልንም» አለችኝ። እሺ መጸዳጃ ቤቱስ ወዴት ነው ብላት፣ «እሱን እንኳ ልነግርዎት እችላለሁ» ብላ ሳቀች። በሕንጻችሁ ውስጥ ያገኘሁት መልስ እሱ ብቻ ስለሆነ ልጅቷን ያመስግኑልኝ።

፭. የመንግሥት ጠበቃ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ የመልስ ጊዜ እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ ሠላሳ ቀን ተጨመረለት። በተጨመረለት ሠላሳ ቀንም እኔ ሁለት ቀን መዘግየቴን ጻፈ። ጽሑፉን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ምንም አልተሰማኝም።

መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት ያቀረብኩትን ጥያቄ በዚህ ሳምንት በገዛ እጄ አምጥቼ ማኅተም አስመትቼበታለሁ። የምጠይቀው ለመንግሥት ጠበቃ ከተሰጠው ጊዜ ሁለቱን ቀን ብቻ ነው። ጥያቄዬ ውድቅ ከሆነ ከክረምቱ በፊት ቤቴን እሸጣለሁ። ጠበቃ ያዝ የሚሉኝ አሉ፤ አልይዝም። የታመመው የእኔ ሳንባ ነው፣ የምናገርለትም እኔ ነኝ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ማኅተምዎና ስለ ግድግዳ ሰዓትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በትሕትና እጅ እነሣለሁ።

አርማን ቲቦዶ
የቀድሞ ግራናይት ጠራቢ፣ የራሱ ጠበቃ

ማስታወሻ፦ መንግሥት የጻፈልኝ ደብዳቤ እጄ ቢገባም ባይገባም፣ በተጻፈ በአምስተኛው ቀን እንደደረሰኝ እንደሚቆጠር ከደንባችሁ ተምሬአለሁ። እኔም በዚሁ መሠረት ይህ ደብዳቤ በአምስተኛው ቀን እንደደረሰዎት፣ እንዳነበቡትና እንደገባዎት እቆጥራለሁ። በስድስተኛው ቀን መስኮትዎ ሲከፈት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ያገኙኛል፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ መሥራት እንደምችል ተወስኖብኛልና።