በዋሻው ደጅ ስድስት እሬት

ማክሰኞ

መኪናው ተበላሽቶ የጥንት ቅርስ አጥኚው አለቃዬ ዛሪማ ከተማ ቀረ። ደውሎ፣ «እኔ ሳልደርስ ዋሻው ውስጥ ምንም እንዳትነኪ፤ ያንቺ ሥራ አበባ ነው» አለኝ። አበባ። አምስት ዓመት ሙሉ በሰው ጥናት ጀርባ ስሜ በደቃቅ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል። ጠግቤያለሁ።

ገደሉ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲነኩት ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል። መንገድ የሚመሩኝ ሽማግሌው አያ ካሴ ናቸው። ያረፍኩት ጥሩዬ ቤት ነው። እኩያዬ ናት፤ ውኃም ምግብም ከእሷ ነው።

የዛሬ ዝርዝር፦ ማገጥ። ጦስኝ። ስሙን የማላውቀው ሐምራዊ አበባ። እሬት፣ ስድስት፣ በዋሻው ደጅ፣ ወፍ ዘራሽ።

አያ ካሴ ደጁ ላይ ቆሙ። «ውስጡ ሸጋ አይደለም፣ ልጄ። እንመለስ።» ምነው ብላቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። እባብ ፈርተው ነው አልኩ በሆዴ።

ረቡዕ

አያ ካሴን አበባ ልቀሙልኝ ብዬ ላይኛው ሜዳ ላክኋቸውና ብቻዬን ገባሁ።

አጥንት አገኘሁ። ከየእሬቱ ኋላ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስር፣ ደቃቅ፣ ኖራ የለበሰ። የሕፃን ነው። የጥንት ሕፃን። ይበልጥ ደስ አለኝ፤ ሕፃን ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሁሉንም በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ አንድ የፓስታ ካርቶን ውስጥ ጨመርኩ። የቱ ከየት እንደተነሳ ነገ እጽፋለሁ።

ከእሬቶቹም ሦስተኛውን፣ አበባው ያማረውን፣ ለናሙና ነቅዬ በጋዜጣ ጠቀለልኩ። ለአለቃዬ የአጥንቱን ፎቶ ላክሁ። አሁን ይናገር እስቲ።

ሐሙስ

ደወለ። ሳቀ። «ከአጥንቱ መሀል ሰማያዊ የሸሚዝ ቁልፍ አለ። በጥንት ዘመን ፕላስቲክ ነበር እንዴ? የመንደሩን ሰው ጠይቂ። እኔ የለሁበትም።» ዘጋው።

አያ ካሴን ጠየቅኋቸው። መሬት መሬቱን እያዩ ነገሩኝ። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላቸው ያለፉት እዚያ ይተኛሉ። እናት እሬት ትተክላለች።

«ሦስተኛዋ የጥሩዬ ናት። ለክርስትናዋ አራት ቀን ሲቀራት ነው የሄደችው።»

ምነው ቀድመው አልነገሩኝም አልኳቸው። «የእናት ሐዘን በኔ አፍ ይወራል? እንመለስ ብዬሽ ነበር።»

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ መቃብር ላይ እሬት የተከልኩት በገዛ እጄ ነው። ወፍ ዘራሽ ብዬ ጻፍኩ። ደንቆሮ።

ዓርብ

አልነገርኳትም። ጥሩዬ ውኃ አመጣችልኝ፣ ሽሮ ሠራችልኝ። ካርቶኑ አልጋዬ ስር ነው፣ እዚሁ እሷ ቤት።

«ምነው አልበላሽም?»

ሆዴን አሞኛል አልኳት። የጦስኝ ሻይ አፈላችልኝ። ጠጣሁት፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ። ሹልክ ብዬ ልመልሰው አሰብኩ። ግን የቱን የት? አንድም ነገር አልጻፍኩም።

ቅዳሜ

ቀደመችኝ። ከገበያ ስትመለስ በዋሻው በኩል መጥታ ጉድጓዱን አይታዋለች። በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም።

«ነቀልሽው?»

ካርቶኑን ከአልጋው ስር ሳብኩ። ተንበርክካ ከፈተችው።

«የኔዋ የቷ ናት?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ከትንንሾቹ ራሶች አንዱን አነሳሁና «ይህች» አልኩ። ከሥሩ ያሉትን ደቃቆችም እፍኝ ሙሉ ጨመርኩላት። ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አብረን ወደ ዋሻው ወረድን። የቀሩትን እንዳመቸኝ ከየድንጋዩ ስር ከተትኩ። የራሷን ልጅ እሷው አስተኛቻት። እሬቱን ከጋዜጣው አውጥታ ተከለችው፤ አፈሩን በመዳፏ ጠቀጠቀችው። ሥሩ ደርቋል አልኳት።

«እሬት እኮ ነው፤ ይይዛል።» ቀና ብላ አየችኝ። «እሷ ናት አይደል? ታውቂያለሽ አይደል?»

አውቃለሁ አልኳት።

«እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።