የአባትሽ ክብደት

ሚጡዬ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክልሽ። ጣራው ማፍሰሱን አቁሟል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሻለች።

አባትሽን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር የማነሳው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። እሱን ቤት ድረስ እየመጣች የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ፣ "እትዬ፣ መክሳት የለብዎትም፤ የሚያስፈልግዎት ጡንቻ ነው" ብላ እንቁላልና ምስር እንዳዘወትር ነገረችኝ። ጠዋት ጠዋትም ውሃ የሞላ ጀሪካን አነሳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ስፖርተኛ ሆንኩልሽ! አባትሽ፣ "ይቺ ሴትዮ ልትደበድበኝ ነው" እያለ ይስቅብኛል።

እውነትም ክንዴ ጠጠረ። እሱን ብድግ አድርጌ ማስቀመጥ እየቀለለኝ ሲመጣ፣ ለባለሙያዋ ጉራዬን ነዛሁባት። እሷ ግን ሚዛን አመጣች። የእኔ ክብደት እንደነበረው ነው። አባትሽን ደግፈን ስናቆመው ቁጥሩን አየችና አንገቷን ደፋች። ለካ እኔ በጉልበቴ ስኮራ፣ እሱ እያለቀ ኖሯል።

ሚዛኑን አላሳየነውም። አሁንም ሳነሳው፣ "ኡፍ! አንተ ሰውዬ፣ ከበድክ እኮ!" እለዋለሁ፤ ደስ ይለዋል።

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም፤ እንጀራሽን አምላክ ይጠብቅልሽ። ፈቃድ ካገኘሽ ግን ብቅ በይ። ስታነሺው ታዲያ፣ አደራሽን፣ የከበደሽ ምሰዪ።

እናትሽ