ከኩሬው የወጣው ዝናር

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

ዛሬ ጠዋት ከባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከጋሼ ደምሴ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ሮቢ ወንዝ ወረድን። እሳቸው ወደ ላይ እንውጣ ቢሉኝም፣ ዓሣው ያለው ጥልቁ ኩሬ ውስጥ ነው ብዬ መንጠቆዬን እዚያው ጣልኩ። ሲባጎው ሲከብደኝ ትልቅ አምባዛ የያዝኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ስስበው የወጣው ግን ጥይት የሞላበት የጣልያን ወታደር ዝናር ነው።

ጣልያኖቹ አንድ ወታደር ከጠፋባቸው ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ተገድሎ ከተገኘ መንደሩን በሙሉ እናቃጥላለን ብለው ገበያ ላይ አስለፍፈዋል።

ጋሼ አልደነገጡም። ዝናሩን ከእጄ ተቀብለው ድንጋይ አሰሩበትና መልሰው ወረወሩት።

«ያውቁ ኖሯል?» አልኳቸው።

«አንተ ምንም አላየህም። እህቴን መበለት እንዳታደርጋት» አሉኝ።

ባዶ እጃችንን ስንመለስ የጣልያኖቹን ወጥ ሠሪ መንገድ ላይ አገኘነው። ዓሣ እንዳልያዝን ስንነግረው ሳቀብን።

«ነገ እሑድ አይደል? ወታደሮቹ ራሳቸው ይወርዳሉ። ጥልቁ ኩሬ ውስጥ ቦምብ ሲጥሉበት ከሥር ያለው ሁሉ ይንሳፈፋል» አለን።

የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። ደጃፌ ስንደርስ ቆም አሉና፣

«ዋና ትችላለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

እችላለሁ አልኳቸው። አሁን መሽቷል፤ ገመድ ይዘው ውጭ እየጠበቁኝ ነው። ባለቤቴ የት ልትሄድ ነው ብትለኝ ዓሣ ልናጠምድ አልኳት።