ድንኳን በፈቃድ ሊያስተክሉን ለተነሡ እጩ ፕሬዚዳንት

ሚያዝያ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወንድዬ ምንዳ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር እና የእድሮች ኅብረት የፕሬዚዳንትነት እጩ
አቃቂ ቃሊቲ

ጉዳዩ፦ በእጩነትዎ የተሰማኝን ደስታ ስለ መግለጽ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ይልቁንም በስብሰባ ብዛት የሻከረው ድምፅዎ እንዴት ነው? ለእኛ ሲሉ የሚቀመጡባቸው ወንበሮች ሁሉ እንዲመቹዎ ጸሎቴ ነው። እኔ የሐዲድ ዳር እድር አባልና የባቡር ጡረተኛ፣ ሰባ ስምንት ዓመቴን ይዤ፣ ጉልበቴ አልሄድ ምላሴ አልቀመጥ ብለውኝ አለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ሁለተኛው ሕመሜ መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የአካባቢያችንን አሥራ አንድ እድሮች በአንድ ኅብረት ሰብስበው በፕሬዚዳንትነት ሊመሩ መነሣትዎን የሚያበሥረው ወረቀት በየበራችን ሥር ሲገባ፣ ከፎቶግራፍዎ ቀጥሎ ዓይኔ ያረፈው አራተኛው መስመር ላይ ነው። ከተመረጡ የየእድሩ ድንኳንና ወንበር በአንድ መጋዘን ተሰብስቦ በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ ይወጣል ይላል። እንግዲህ እሑድ የምንመርጠው ሰው፣ ስንሞት ለቤተሰቦቻችን ድንኳን ይተከል አይተከል የሚለውን የሚወስን ሰው ነው። እንዲህ ላለ ሥልጣን የሚታጭን ሰው ልምዱን፣ ሥራውንና ተመራጭነቱን ማገላበጥ ከቀባሪም ከተቀባሪም የሚጠበቅ ስለሆነ፣ በሁለቱም ማዕረጌ እጽፍልዎታለሁ።

ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለማርያም ብዕር ማንሣቴን ስታይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እስር ቤቱ ቅርብ ነው ብለህ ነው? እኔ ስንቅ የማመላልስበት እግር የለኝም» ብላኛለች። እኔም፣ ሌላው ሰው ከከተማው ማዶ ሦስት ታክሲ ቀያይሮ የሚጠይቀውን እስረኛ እኛ በእግራችን መድረሳችን ራሱ የልማት ውጤት ነው ብዬ አጽናንቻታለሁ።

1. ስለ ልምድዎ

ወረቀቱ የአሥራ ሰባት ዓመት የአመራር ልምድ አለዎት ይላል፤ ሐሰት ነው የሚል ቢመጣ እኔ ልከራከርልዎ። ቀበሌውን ብቻ ሳይሆን የሸማቾቹን፣ የውኃውንና የኳሱንም ኮሚቴ መርተዋል። ውኃው ከቧንቧው፣ ኳሱም ከሜዳው ከጠፉ በኋላ እንኳ ኮሚቴዎቹን ጥለው አለመሄድዎ የጽናትዎ ምልክት ነው።

በቀብር በኩል ያለዎት ልምድ ግን ትንሽ ለየት ይላል። በእድራችን ደንብ በቀብር ቀን ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይቀጣል። እርስዎ ስም ሊጠራ ሲል ይመጣሉ፣ «አለሁ» ይላሉ፣ ከኮትዎ ላይ አቧራውን አራግፈው ይሄዳሉ። ቃሬዛ ሲሸከሙ ያየዎት የለም፤ ካስማ ሲመቱም ያየዎት የለም። አንድ ቀንማ፣ መቼም አይቀየሙኝም፣ የተከልነው ድንኳን ለጎረቤታችን ለማህሌት ሠርግ መሆኑን ሳያጣሩ ጥቁር ኮትዎን ለብሰው ገብተው፣ አንገትዎን ደፍተው፣ የሙሽራዋን አባት «እግዜር ያጽናህ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ብለውታል። ሰውየው አማቹን በደንብ ካወቀው ወዲህ፣ ያን ቀን ያዘነለት እርስዎ ብቻ እንደነበሩ ይናገራል።

2. ስለ ሥራዎ

እዚህ ላይ ቀልዴን ለመግታት እሞክራለሁ፤ ቢያመልጠኝ ይቅርታ።

በዘጠና ስምንት ዓ.ም. ኅዳር፣ ልጆች ከየሰፈሩ ሲለቀሙ፣ የሥራ ባልደረባዬ የኦላና ልጅም ተወሰደ። ኦላና በሠላሳ ዓመት የባቡር ሥራ አንድ ቀን ያልቀረ ሰው፣ ልጁ የት እንዳለ ሳያውቅ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። የእድራችን ድንኳን በቀበሌው ግቢ ባለው መጋዘን ነበርና ልናወጣ ብንመጣ፣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «ልጁ በተጠረጠረበት ቤት ሰው ማሰባሰብ ያስጠይቃል፤ ድንኳን ያለ ፈቃድ አይወጣም» አሉን። ፈቃዱ ከማን ነው ብንል ከእርስዎ ሆነ፤ እርስዎን ብንጠይቅ ከበላይ ሆነ፤ የበላዩን ብንፈልግ ስብሰባ ላይ ሆነ።

የሟች ባለቤት ወይዘሮ አለሚቱ ለቀስተኛውን በጠራራ ፀሐይ ተቀበለች። ማረሚያ ቤቱ በር አጠገብ ለጠያቂዎች ሻይና ብስኩት የምትሸጠው የስልጤዋ ልጅ ዙለይኻ የሱቋን ሸራ ነቅላ ባታመጣ ኖሮ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቻችን ኦላናን ተከትለን እንሄድ ነበር። ዛሬ ሽያጭሽን ምን ልታደርጊው ነው ስንላት «ጠያቂ ነገም ይመጣል፤ ጋሽ ኦላና ግን ዛሬ ብቻ ናቸው» አለችን። ይህች ሴት የእድራችን አባል አይደለችም፤ የአመራር ልምድም የላትም። ልጁ ከአራት ወር በኋላ ክስ ሳይመሠረትበት ተፈትቶ መጣ፤ ያገኘው የአባቱን መቃብር ነው።

ለዚህ ሥራዎ ምስጋናዬን ሳቀርብ የራሴንም ድርሻ አልሸሽግም። የመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ያን ቀን በእኔ በእድሩ ጸሐፊ ኪስ ውስጥ ነበር። እርስዎ ሲናገሩ በጣቴ ዳሰስኩት እንጂ አላወጣሁትም። ስለዚህ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብዬ ክብሩን ለብቻዎ አላስረክብዎትም፤ ሁለት ነን፤ ልዩነታችን እኔ ለፕሬዚዳንትነት አለመወዳደሬ ነው።

3. ስለ ተመራጭነትዎ

በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎ፤ ብቸኛው እጩ ነዎት። ምርጫው እጅ በማውጣት ነው፤ እጅ የሚቆጥሩትም ስም የሚመዘግቡትም የራስዎ ሰዎች ናቸው። በኅብረቱ መሥራች ስብሰባ አቶ ቡልቻ ጥያቄ ለመጠየቅ እጁን ቢያወጣ «አንድ ድጋፍ» ተብሎ ተቆጠረ፤ «ኧረ የኔ ጥያቄ ነው» ብሎ ሌላውን እጁን ቢጨምር ሁለት ሆነ። በዚህ አቆጣጠር የሚሸነፍ እጩ ቢገኝ ጉዳዩ ወደ ጠበል እንጂ ወደ ምርጫ ቦርድ የሚወሰድ አይመስለኝም።

የቸገረኝ የወይዘሮ አለሚቱ ጥያቄ ነው። ልቧ እየደከመ መሆኑን ሐኪም ነግሯታል። ወረቀትዎን አስነብባኝ ስታበቃ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል «ጋሽ ቀናው፣ ለእኔ ደግሞ ከማን አስፈቅዳችሁ ነው የምታለቅሱልኝ?» አለችኝ። መልሱ አጭር ነበር፤ ከቁልፉ ጋር እኔ ኪስ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሳሪስ ስብሰባ ላይ በዋሉበት በዚህ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ በጠራራው፣ እኛ የሐዲድ ዳር እድር ዘጠኝ ሽማግሌዎች መጋዘኑን በገዛ ቁልፋችን ከፍተን፣ ድንኳናችንን ከነካስማው በጋሪ ጭነን ወጥተናል። ዘበኛው «አባቶች፣ ማን ሞቶ ነው?» ቢለን፣ እስካሁን ማንም አልሞተም፣ የቸኮልነውም ለዚያ ነው ብለነዋል። ዕቃው ወይዘሮ አለሚቱ ግቢ ገብቷል፤ አባላቱም ተሰብስበው ንብረት ያዥ አድርገዋታል። ይህን የሚከስ ካለ አድራጊዎቹ በቀላሉ ይገኛሉ፤ አንዳችንም መሮጥ አንችልም።

እሑድ እመጣለሁ። ተቃውሞ ያለው ሲባል እጄን አወጣለሁ፤ ምርኩዝ ስለምይዝበት ሁለተኛውን አላወጣም። መዝጋቢዎችዎ እንዳይደክሙ ስሜን ከነአባቴና ከቤት ቁጥሬ ጋር ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

ስላሳዩን አርቆ አሳቢነት፣ ሳንሞት ስለ ድንኳናችን ስላሳሰበዎ፣ እኛንም በእርጅናችን ጎበዝ ስላደረጉን ከልብ እያመሰገንሁ፣ ኮፍያዬን አንሥቼ፣ ወገቤ በፈቀደልኝ መጠን ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ቀናው እንግዳሸት
የቤት ቁጥር 412

ግልባጭ፦
– ለአሥራ አንዱም እድሮች፣ በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ይለጥፉት ዘንድ
– ለወይዘሮ አስካለማርያም፣ ምናልባት ስንቅ ካስፈለገ እንድታውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎም የእድራችን አባል ነዎት። የማይቀረው ቀን ሲደርስ፣ ይቆይ እንጂ፣ ልጆችዎ ፊርማ ፍለጋ እንዳይንከራተቱ ከወዲሁ ይንገሩልኝ። ወይዘሮ አለሚቱ ቤት ሄደው አባታችን ሞተ ካሉ ይበቃል። ለእሱስ ትሰጫለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ይውሰዱ፤ ፀሐዩን እኔ አውቀዋለሁ» ብላለች።