የብርቱካን ጭማቂ በመጠጣቴ ለተሰጠኝ ዝቅተኛ ነጥብ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ግዛቸው፣
የአውሮፕላን ምግብ ማዘጋጃ ኩሽና የጠዋት ሺፍት ሱፐርቫይዘር፣
ዩለስ፣ ቴክሳስ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በያላችሁበት ሙሉ ጤንነት እንዲበዛላችሁ ከልቤ እመኛለሁ። የእኔን ጤና በተመለከተ፣ አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ፣ ሳይጠየቁ መመለስ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማኅበረሰባችን መጽሔት ማውጣቴም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ሥራ ቦታ ባነጋግርዎ «ከሥራ ቦታዋ ጠፋች» ተብሎ እንዳይጻፍብኝ ሰግቼ ነው።

ለማያውቁን አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ኡምሰልማ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ፈክረዲን ታክሲ ይነዳል። እኔ የምሠራው ተሳፋሪ ሰማይ ላይ ሆኖ የሚመገበው ምግብ በትሪ በሚደረደርበት ኩሽና፣ ትሪው ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍበት «ላይን» ላይ ነው። ስኳር በሽታ አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ኢንሱሊን ደግሞ ሰዓት አክባሪ ነው፤ ምግብ ከዘገየበት ሱፐርቫይዘር አይፈራም። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ በላብ ያጠምቃል፣ ቶሎ ካልደረሱለትም ሰው ይጥላል። ያን ጊዜ መፍትሔው ጥቂት ጭማቂ ጠጥቶ አፍታ ማረፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ሥራ መመለስ ነው።

ዘንድሮ ኢኮኖሚው ሲናጋና አየር መንገዶቹ ምግብ ሲቀንሱ፣ በዓመቱ የሥራ ግምገማ፣ በሪቪው፣ ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ሌይኦፍ እንደሚደረግ፣ ማለትም ከሥራ እንደሚቀነስ ተነገረን። ሥራው ከሄደ ኢንሹራንሱ ይሄዳል፤ ኢንሹራንሱ ከሄደ ኢንሱሊኑ ይሄዳል። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እኔ ለሪቪው ቢሮዎ የገባሁት ይህን ሁሉ ተሸክሜ መሆኑን ይወቁልኝና፣ ቅሬታ ለማለት የማልደፍራቸውን ጥቂት ነጥቦች በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጾሜን በቅርብ ስለተከታተሉልኝ አመሰግናለሁ። እርስዎ ክርስቲያን ሆነው ሳለ በረመዳን ምን እንደምጠጣ እንዲህ መጨነቅዎ ብዙዎቻችንን አስደንቋል። ኢክላስ፣ ከጎኔ ቆማ ሰላጣ የምታሰናዳው የሃይማኖት እህቴ፣ ጾማ ስትሠራ አይተው፣ በሰው ሁሉ ፊት «ኢክላስ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ቀኑን ሙሉ ትቆማለች፤ አንቺ ጭማቂ ትጠጫለሽ። ሃይማኖታችሁ አንድ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ለታማሚ ያለመጾም ፈቃዱ የተሰጠው ከኩባንያችን በላይ ካለ ቢሮ መሆኑን ላስረዳዎ ሞክሬ ነበር። ኢክላስም ቀና ሳትል «ጋሽ ግዛቸው፣ እኔን አያስገቡኝ፤ እሷ የምትጠጣው እንዳትወድቅ ነው» ብላዎታለች። ሆኖም ሪቪው ላይ የእርሷ ጾም ለእኔ መመዘኛ ሆኖ ተገኘ። ኢክላስ ጾሟ ነጥብ እንደሚያሰጥ ብታውቅ ኖሮ የሰኞና የሐሙስን የፈቃድ ጾምም ትጨምርልዎ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ብሬካችን፣ ስለ ዕረፍት ሰዓታችን። ብሬክ እንዳለን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ላይኑ ላይ ግን «ይቺን በረራ ጨርሱና» ይባላል። ይቺ በረራ ስታልቅ ሌላ በረራ ትወለዳለች። ስኳሬ ሲወርድ ጭማቂዬን ከሎከር ላመጣ ስሄድ «ቦታዋን ትለቃለች» ተባልኩ። ቦታዬን እንዳልለቅ ብዬ ኪሴ ውስጥ ስይዘው «ምግብ ይዛ ላይን ላይ ትቆማለች» ተባልኩ። ጭማቂው የት ቢቀመጥ ደስ እንደሚልዎ ብጠይቅዎ፣ «እሱ የአንቺ ፕሮብሌም ነው» በማለት በራሴ እንድተማመን አበረታቱኝ። ስለ እምነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ ወደ ሪቪው ዕለት ልምጣ። ለቁርስ ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ትንሽ ቀምሼ ልምጣ» ብል «አፍታ ናት፣ ግቢ» አሉኝ። አፍታዋ ግን እንደ በረራዎቹ ናት። ስለ ሰዓት አከባበር፣ ስለ ፈገግታ፣ ስለ ጓንት አጠቃቀም ሲያብራሩልኝ ላብ በጀርባዬ መውረድ ጀመረ፤ ጣቶቼ ተንቀጠቀጡ። አይተውኛል። እንዲያውም አጽናንተውኛል፤ «አትፍሪ፣ ይሄ ሪቪው እንጂ ፖሊስ ጣቢያ አይደለም» አሉኝ።

«አልፈራሁም፤ ስኳሬ ወርዶ ነው» አልኩዎ።

«ኦኬ፣ ይቺን ጥያቄ እንጨርስና» አሉ። ጥያቄዋም ሠራተኛዋ ጫና ሲበዛባት መረጋጋት ትችላለች ወይ የምትል ነበረች።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ነው። ያን ጊዜ የሚሉትን መስማት አቁሜ ነበር። አፍዎ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ብወድቅ ምን እንደሚያደርጉ እንደማያውቁ ገባኝ፤ ሳልነግርዎ ቀርቼ ሳይሆን፣ ስነግርዎ ስላልሰሙኝ። ስለዚህ ሳላስፈቅድ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ለእንግዳ የተቀመጠውን የከረሜላ ሳህን ወደ እኔ ሳብኩና፣ መላጥ ያቃተኝን በጥርሴ እየቀደድኩ ጨረስኩት። እርስዎም በጽሞና ጻፉ። ነፍሴ ስትመለስ ከወረቀትዎ ላይ መጀመሪያ ያነበብኩት ነገር «በውይይት ወቅት ትበላለች፤ አለቃ ሲናገር አታዳምጥም» የሚል ነበር። ከሥሩም፣ «ብዙ መሻሻል ይጠበቅባታል»።

አራተኛም ነበረኝ፤ ይህን ስጽፍ ሳቄ መጥቶ ተውኩት።

ከዚያ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ አንባቢ እንዲያውቀው ልቀጥል። ኢክላስ ክንዴን ይዛ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ፣ ወደ ኤችአር ወሰደችኝ። የኤችአሯ ኃላፊ ሚስ ዳርሊን ረጋ ያለች የቴክሳስ ሴት ናት። ከረሜላው ጋ ስደርስ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ፣ «ሃኒ፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ እያየ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እየጻፈ ነው» አልኳት። የሐኪሜን ማስረጃ አስመጣችና፣ እርስዎን ቢሮዋ አስጠርታ የአገሩ ሕግ ለእንደኔ ዓይነቱ ሠራተኛ የሚያዘውን በእርጋታ አስረዳችዎ። በእርጋታ መሆኑን ያወቅነው፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ እንኳ ላይኑ ድረስ ስለተሰማን ነው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ጭማቂዬ ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ባለ ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲቀመጥ ተፈቀደ። ብሬኬ በሰዓቱ እንዲሆን ተወሰነ። ታዲያ የእኔ ቦታ መሃል ላይ ስለሆነ፣ እኔ ስወጣ ትሪው ከእኔ አያልፍም፤ ትሪው ካላለፈ ላይኑ ይቆማል፤ ላይኑ ከቆመ ሁሉም ሰው ይወጣል። እነሆ ዓመታት ግድግዳ ላይ የኖረው ብሬክ በአንድ ሳምንት ውስጥ መሬት ወረደ። ሜክሲኳውያኑም፣ ቬትናማውያኑም፣ እኛም አንድ ላይ ተቀምጠን እንበላለን፤ ስሙንም «ኡምሰልማ ታይም» ብለውታል። አንዷ እንዲያውም ስኳሬ እንዳይሻለኝ ዱዓ አደርጋለሁ ብላኛለች፤ በቀልድ መሆኑን አምኛለሁ።

ሪቪውም ሚስ ዳርሊን ባለችበት፣ ቁርሴን ከበላሁ በኋላ እንደገና ተደረገና «የሚጠበቅባትን በሚገባ ታሟላለች» ተብሎ ተፈረመ። የሌይኦፉ ስም ዝርዝር ሲወጣ የእኔ አልነበረም። ፈክረዲን ዜናውን ስነግረው ታክሲውን ጥግ አስይዞ «ምሳ በልተሻል?» አለኝ። ሰው ሲጠይቅ እንዴት እንደሚጠይቅ ለማሳየት ያህል ነው የጠቀስኩት።

በመጨረሻም፣ ሰው አርፎ ስለሚሠራ የትሪ ስህተት ቀንሶ፣ ለዚህ «አዲስ አሠራር» ዋናው ቢሮ እርስዎን በስብሰባ ላይ ሲያመሰግንዎ፣ ምስጋናውን በትሕትና ሲቀበሉ በማየቴ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ይበርቱልን።

ጤናዎን ከማንም በላይ የምመኝልዎ፣ አስተዳደርዎ ለሕክምና ታሪኬ ያበረከተውን የማልረሳ፣ ትእዛዝዎን ከጠገብኩ በኋላ ሁልጊዜ ለመፈጸም ዝግጁ የሆንኩ፣

አክባሪዎ ኡምሰልማ፣
ከላይኑ መሃል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሠራተኞችም ስለ ሱፐርቫይዘራቸው ሪቪው እንዲሰጡ ሚስ ዳርሊን መወሰኗን ሰምተው ይሆናል። የላይኑ ሴቶች የሁላቸውንም ሐሳብ አሰባስቤ እንዳቀርብ እኔን መርጠውኛል። ደስ ይበልዎ፤ ስለ ጽሕፈት ችሎታዬ ሥጋት ካለዎ ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ ለናሙና አስቀድሜ የላክሁልዎ።