በሰው መስክ የሚያልፍ መንገድ

ብዙአየሁ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ?

በካርዱ ላይ የምታየው የድንጋይ ድልድይና ከበላዩ ያለው ቤተ ክርስቲያን የዚህ የእንግሊዝ መንደር ጌጦች ናቸው። ዛሬ ጠዋት ለማስተርሱ ኢንተርቪው ነበረኝ። ወደ አውቶቡሱ የሚያደርሰው የእግር መንገድ ግን በአንድ ገበሬ ግጦሽ መሃል ያልፋል! ምልክቱ «ማንም ሰው ማለፍ ይችላል» ይላል። እኛ አሜሪካ፣ ኢንግልዉድ ውስጥ የሰው ሣር ስትረግጥ ፖሊስ ነው የሚጠራብህ፤ እንዴት ብዬ ልመን? ሶ፣ አማራጭ ስላልነበረኝ አጥሩን ተሻገርኩ። ላሞቹ መሃል ስደርስ ባለ መስኩ ሽማግሌ ከወዲያ ማዶ ጮኹ። እኔ ወዲያው ሁለት እጄን ወደ ላይ! እሳቸውም ሰላምታ መስሏቸው ሁለት እጃቸውን አነሱልኝ።

«ሩጥ እንጂ ልጄ፣ አውቶቡሱ መጣ! ስትወጣ የመስኩን በር ብቻ ዝጋው፣ አለዚያ ላሞቹ ይወጣሉ!»

ዘግቼ ሮጥኩ፤ ሹፌሩም ጠበቀኝ። ኮሌጁ ውስጥ ብዙ ጠየቁኝ፤ በመጨረሻ «መስከረም ላይ ና» አሉኝ። አስበው!

ካርዱ አለቀብኝ። ሮማንን ሳምልኝ፤ የፌርፋክስ ሰፈር ልጆችን ሁሉ ሰላም በልልኝ። አለቃችን ጋሼ እንግዳንም ከመስከረም ጀምሮ የደንበኞችን መኪና ፓርክ የሚያደርግላቸው ሌላ ሰው ይፈልጉ በልልኝ።

ነጅሙዲን፣ ጁን 1987